በመድረክ ላይ የተነሳው እርግማን

ማመስገን አይቀናኝም። ልጆቼ ይህን አውቀው ነው ያደጉት፤ ከትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዘው ሲመጡ «እሺ፣ የሚቀጥለውስ?» ከማለት ያለፈ ቃል ከአፌ ሰምተው አያውቁም። ምስጋና ሲበዛ ልጅን ያሰንፋል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እምነቴ አልተለወጠም። ስለዚህ ስለ አንድ የዘፈን ቲያትር በደስታ ላወራ ስነሳ፣ የሚያውቁኝ የከሚሴ ሰዎች ቢስቁ አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛዋ ልጄ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ቤት በተቀመጠችበት ሰሞን፣ ከከሚሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰቡ ወጣቶች ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚያሳዩት ሙዚቃዊ ቲያትር አዘጋጁ። ቤተሰብ ከነልጆቹ ቁጭ ብሎ የሚያየው፣ ግማሹ ንግግር፣ ግማሹ ዘፈን የሆነ። ልጄ የታሪኩን ዋና ሰው እንድትጫወት መረጧት። እኔ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ እናቷ ግን ቀድማ ታውቅ ነበር።

«መጀመሪያ እዚሁ ከሚሴ ነው፤ ከዚያ ባቲ እንሄዳለን፣ ስንመለስ ደግሞ ሐርቡ» አለችኝ ልጄ፣ እራት ላይ።

«ከማን ጋር?»

«ከቡድኑ ጋር ነው፣ አባ። ሴቶቹ ለብቻ ነው የምናድረው። ልብስ የምትሰፋልን አንዲት እናት አለች፤ እሷ አብራን ትሆናለች።»

«ዘፋኝ ልትሆኚ ነው?»

«የአባቷ በሬ የጠፋባት ልጅ ነው የምሆነው።»

እናቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «በሬ ፈላጊ ከሆነች ምን ከፋህ?» አለችኝ። «ከአንተ ልጆች በሬ ፍለጋ የወጣ እስካሁን የለም። ሁሉም ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውል።»

በማግስቱ ውሳኔዬን ለልጄ ነገርኳት፤ በከሚሴ ሲታይ እመጣለሁ፣ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ነውር ካለበት ወይም ባዶ ጩኸት ከሆነ የባቲን መኪና አትሳፈሪም። ፍሬ ያለው ከሆነ ትሄጃለሽ። ልጄ አልተከራከረችም። «ይሁን» አለች፤ «ግን መሃል ላይ ተነስተው ወፍጮ ቤት እንዳይሄዱብኝ።» ታውቀኛለች።

እኔ የወፍጮ ቤት ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በእህል ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከዚያም ሰው አንብቦ ከጣለው መጽሐፍ። እንዲህ ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ ያወጣል፤ በቀላሉ የመጣን ነገር ሁሉ ይጠረጥራል። ዘፈን ደግሞ በቀላሉ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ቲያትርን ግን ጨርሶ አላውቀውም አልልም። ሞተሩን አጥፍቼ ምሳ ስበላ የሬዲዮ ድራማ ስሰማ ስንት ዓመቴ። የቱ ታሪክ እንደሚሄድና የቱ እንደሚያነክስ መለየት እችላለሁ።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ የከተማው አዳራሽ ሞልቶ ጠበቀን። ለውዝ የሚቆረጥም፣ ሸንኮራ የሚመጥ፣ ልጅ ያዘለ፣ ልጅ በትከሻው የተሸከመ። ከጨፋ ሸለቆ ማሽላቸውን ሸጠው በዚያው የገቡ ገበሬዎች ነበሩ። ፊት ለፊት ዱበርቲዎቹ፣ ማለትም በየሰፈሩ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉት ትልልቅ እናቶች፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። ከጎኔ የተቀመጡት የጨፋ ሽማግሌ ነበሩ፤ እህላቸውን ሁሌ እኔ ጋ ነው የሚያስፈጩት። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ደም ያደርቃሉ። እሳቸው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው መድረኩን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሰርግ ነው ስብሰባ?»

«ቲያትር ነው፣ አባባ።»

«አበል አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያማ ሰርግ ነው» አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጨፋ የሚኖር አንድ አባት ያለችው አንዲት ሴት ልጅና አንድ በሬ ብቻ ነው። በሬው ከሚያልፍ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ልጅቱ «እኔ ፈልጌ አመጣዋለሁ» ትላለች፤ አባት «ሴት ልጅ በሬ ፍለጋ አትወጣም» ይላል። እሷ ትወጣለች። በመንገድ ላይ ከአህያ፣ ከጅብና ከቦረከና ወንዝ ወፎች ጋር እየተነጋገረች፣ እየዘፈነች ባቲ ገበያ ትደርሳለች፤ በሬውንም አንድ የአፋር እረኛ ጠብቆላት ታገኘዋለች።

ሲጀምር ቀልቤን ሳበው። መድረኩ ላይ የእውነት የማሽላ አገዳ አቁመዋል፤ ከቦረከና ዳር የታጨደ ለምለም ሣር ጎዝጉዘዋል፤ ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል። ንግግሩ ደግሞ ልክ እንደኛ ቤት ነው፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ማንም ለማንም አያስተረጉምም። ልጅቱ ገና ሳትነሳ፣ በመግቢያው አህያውና ጅቡ ይወጣሉ፤ አህያው የወሎ ገበሬ ሆኖ ያጉረመርማል። ጅቡ ግን ኮት ለብሶ እንደ ባለሥልጣን ነው የሚናገረው። «ከዚህ አንጻር፣ አህያውን የመብላት ጉዳይ በልዩ ትኩረት የምንሠራበት ይሆናል» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ «ይኼን ጅብ አውቀዋለሁ! ወላሂ አውቀዋለሁ!» አሉ።

ድክመቱም ወዲያው ታየኝ። ሙዚቃው ከፍላሽ ነው የሚለቀቀው፤ ድምፅ ማጉያውን ደግሞ እስከ ጫፍ ከፍተውታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ ስር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ በቀላሉ አይማረርም። ያን ቀን ግን ከአሥር ቃል ሦስቱን እንኳ መያዝ አቃተኝ። ልጄ አፏን ስትከፍት አያለሁ፤ የምትለውን አልሰማም። በዚያ ላይ በየመሃሉ የምክር ዘፈን አስገብተዋል፤ እጅ ስለ መታጠብ አንድ፣ ጊዜ ስለ ማክበር ሌላ። እኔ ቤቴ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ የምመክር ሰው ነኝ። ምክር በዘፈን ሲመጣ ግን ምን ያህል እንደሚያሰለች ያን ዕለት ገባኝ። ከኋላዬ አንድ ሕፃን «አህያው መቼ ነው ተመልሶ የሚመጣው?» እያለ ያለቅስ ነበር፤ እኔም በልቤ ከሱ ጋር ነበርኩ።

እንዲህ የጎደለውን በልቤ እያስቀመጥኩ ሳለሁ እርግማኑ መጣ።

አባት ሆኖ የሚጫወተው ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ የጥጥ ፂም ለጥፏል። ልጄ መቀነቷን አጥብቃ ልትወጣ ስትል ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ። «ከቤቴ ከወጣሽ መንገድሽ አይቅና! የረገጥሽው አይለምልም! ውሃ ስትሺ አሸዋ ይጠብቅሽ!» የምሩን ነበር የሚመስለው። ጥሩ ተጫወተ፤ ጥፋቱም ጥሩ መጫወቱ ነው።

ወዲያው ከዱበርቲዎቹ መሃል «አስተግፊሩላህ!» የሚል ተሰማ፤ ሌላዋም ተከተለች፤ ከኋላ «ያ ረቢ!» ተባለ። የሐዘን ሙዚቃው ከፍላሹ ሲለቀቅ ሽማግሌው ከጎኔ ተነሱ።

«አጥፉት! ያንን ነገር አጥፉት!»

ሙዚቃው ጠፋ። የቡድኑ አሠልጣኝ፣ ቀድሞ መምህር የነበረ ትሑት ሰው፣ ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠ ወጣ።

«አባባ፣ ምን ጎደለ?»

«እርግማኑን አንሱት።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አባባ። መጨረሻ ላይ ይነሳል።»

«መጨረሻው መቼ ነው?»

«ትንሽ ይቀራል… አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እስከዚያ ልጅቱ እርግማን ተሸክማ ትሂድ? ከጅብ ጋር?»

«እውነተኛ እርግማን አይደለም እኮ!»

«አፉ እውነተኛ አይደለም? የእኛስ ጆሮ እውነተኛ አይደለም?»

በእኛ አገር አባት ልጁን ሲረግም የሰማ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰምቶ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እርግማኑን ማስነሳት የሰሚው ሁሉ ዕዳ ነው። ቡድኑ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ያደጉት በዚሁ ነው። ግን መድረክ ላይ ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ተመልካች ብቻ የሚሆን መሰላቸው። የጨፋ ሽማግሌ ተመልካች ሆኖ አያውቅም።

ሽማግሌው ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መድረኩ ላይ ወጡ። ጎንበስ ብለው ከተጎዘጎዘው ለምለም ሣር አነሱ፤ ለእርቅ ሲለምኑ ሣር መያዝ ልማዳችን ነው። ባለ ጥጥ ፂሙ ፊት ቆመው «ስለ ረቢ ብለህ አንሳ» አሉት። ምስኪኑ ልጅ ተደናግጦ «እሺ፣ አነሳሁ፣ አነሳሁ» አለ። ሽማግሌው ግን አተኩረው አዩት።

«ቆይ እስቲ። አንተ የማን አባት ነህ? ፂምህስ ጥጥ ነው። እርግማኑ የወደቀው በሰው ልጅ ላይ ነው፤ ማንሳት ያለበትም የወለዳት ነው። ይቺ ልጅ አባት የላትም?»

አንዷ ዱበርቲ ዞር ብላ ጣቷን ቀሰረች። «አላት እንጂ! ያውና ባለ ወፍጮው! አኩርፎ ተቀምጧል!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ተነስ እንጂ! ደግሞ ፊትህን ፍታው፤ ልትመርቅ ነው፣ ግብር ልትከፍል አይደለም።»

ተነሳሁ። መድረኩ ላይ ስወጣ ምን ውስጥ እንደገባሁ በደንብ ገብቶኛል። በሽማግሌ ፊት፣ ሣር በተያዘበት፣ አባት ልጁን ለመንገድ ከመረቀ ፈቀደ ማለት ነው። በኋላ «ባቲ አትሄጂም» ቢል የገዛ ምርቃቱን እንደበላ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ገና ፍርዴን አልጨረስኩም ነበር። በልቤ ውስጥ ድምፅ ማጉያውም፣ የእጅ መታጠቡ ዘፈንም ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ባዶ አፍ ይዤ ደግሞ መመረቅ አልችልም። ከልብ ያልወጣ ምርቃት ከእርግማን እንደማይሻል ከአባቴ ተምሬአለሁ።

ልጄ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ሽማግሌው ሣሩን በእጇ አስያዟት። ስጠጋት ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

«አባ፣ ደስ ካላለዎት ለጤናዬ ብቻ ዱዓ ያድርጉ። ስለ መንገድ አያንሱ። በሰው ፊት ተይዘው የሰጡኝን ፈቃድ አልፈልገውም።»

ከተማው በሙሉ ለእሷ ቆሞላት ነበር። ዝም ብትል ኖሮ የፈለገችውን በነፃ ታገኝ ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም፣ እኔም የምለው አይኖረኝም። እሷ ግን የምወጣበትን በር ራሷ ከፈተችልኝ። ልጅን ወደ ሩቅ መንገድ ስንልክ የምንፈራው ምንድን ነው? ሰው ሳያያት የማይገባትን እንዳትወስድ ነው። ይቺ ልጅ ሰው ሁሉ እያያት፣ እየሰጣትም አልወስድም አለች። ድምፅ ማጉያውን ረሳሁት።

መዳፌን ዘረጋሁ። አዳራሹም በሙሉ መዳፉን ዘረጋ።

«እርግማኑ ከነቃሉ ተነስቷል» አልኩ።

«አሚን!»

«መንገድሽን ያቅናልሽ። የረገጥሽው ይለምልም።»

«አሚን!»

«ውሃ ስትሺ ውሃ፣ ሰው ስትሺ ደግ ሰው ይግጠምሽ።»

«አሚን!»

«ባቲ በሰላም ግቢ፣ በሰላም ተመለሽ። ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ፣ ኢንተላ ኮ።»

የመጨረሻውን በእናቴ ቋንቋ ነው ያልኩት፤ ልጄ ሆይ፣ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ እንደ ማለት ነው። አስቤበት አልነበረም፤ ከልብ የሚወጣ ነገር ሲሆን እንዲህ ያመልጠኛል። አዳራሹ በቲያትሩ ውስጥ ባቲ ስላለው በሬ የመረቅሁ መሰለው። እሷ ግን ገባት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «አሚን» ያለችው ከሁሉም በኋላ ነው።

ወርጄ ስቀመጥ ሽማግሌው የቀረውን ሣር ከዘራቸው ላይ እየጠመጠሙ «በሉ አሁን ቀጥሉ» አሉ፤ ስብሰባ የመሩ ያህል።

መቀጠሉ ግን ቀላል አልነበረም። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የቆመው በእርግማኑ ላይ ነው፤ ልጅቱ የምትፈራው እሱን፣ መጨረሻ ላይ የሚነሳላትም እሱ። አሁን ምን ቀረ? አሠልጣኙ መጋረጃው ጎን ራሱን ይዞ ቆሟል። ፍላሹ ያንኑ የሐዘን ዘፈን ጀመረ። ልጄ እጇን አንስታ አስቆመችው። ከዚያ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ማጉያ፣ በራሷ ድምፅ ዘፈነች። ዜማው ያው ነው፤ «አባቴ ረገመኝ» የሚለውን ግን «አባቴ መረቀኝ» ብላ ለወጠችው፤ የሚቀጥለውንም ቃል እያገኘች፣ እየሰፋች ሄደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የልጄን ድምፅ አላውቀውም ነበር ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ከኋላ ግድግዳ ይደርስ ነበር። ለአህያው ሲያለቅስ የነበረው ሕፃን እንኳ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ቲያትሩ ተሻለ እንጂ አልከፋም። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው አሠራር ትልቁ ጉድለት እዚያ ነበር። አባትየው የተቆጣ እንደሆነ ሁላችንም የምንጠብቀው የእሱን ቁጣ መብረድ ነው፤ ልጅቱን እንረሳታለን። መርቆ ከላካት ግን የምንጠብቀው እሷን ነው። ባለ ጥጥ ፂሙም ብልህ ሆኖ ተገኘ። መጨረሻ ላይ የሚያነሳው እርግማን ስላልነበረው፣ በሬዋን እየነዳች ስትመጣ ሮጦ ወጣና «መረቅሁሽ፣ ግን አንድም ቀን አልተኛሁም!» አላት። አባት የሆነ ሁሉ በዚያ ቃል ተነካ። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «ሰርግ ነው ብዬህ አልነበር?» አሉኝ።

ሕዝቡ ሲወጣ አሠልጣኙ መጥቶ እጄን ያዘ። «እንዴት አዩት?» አለኝ። ማጉያው ወፍጮዬን እንዳስናቀኝ፣ የእጅ መታጠቡ ዘፈን መቆረጥ እንዳለበት፣ የጅቡ ጭንብል ሕፃናትን እንደሚያስፈራ፣ አነጋገሩ ግን እንዳይነካ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። «ሌላስ?» ሲለኝ «ልጄን በደህና መልሱልኝ» አልኩ። ስለ ፈቃዱ ያወቀው በዚህ ነው።

ቤት ስንደርስ ልጄ ጫማዋን እያወለቀች «እኔስ እንዴት ነበርኩ፣ አባ?» አለችኝ። አፌ እንደ ልማዱ «እሺ፣ የሚቀጥለውስ?» አለ። ልትስቅ ጀመረች፤ እናቷም ሳቀች። የሚቀጥለው ባቲ እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ሰኞ፣ በባቲ ገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። ደንበኞቼ አጉረመረሙ፤ ይሁን። ከገበያው ጎን ባለ ሜዳ ላይ ነበር ያሳዩት። በአንድ ወገን ግመላቸውን ያሰሩ አፋሮች፣ በሌላ ወገን ማሽላና በርበሬ ይዘው የወረዱ ደገኞች፣ መሃል ላይ ልጆች መሬት ተቀምጠዋል። የእጅ መታጠቡ ዘፈን ቀርቷል። ማጉያው ለጅቡ ብቻ ሆኗል። ጅቡ «ከዚህ አንጻር» ሲል አማርኛ የማይሰሙት እንኳ ሳቁ፤ ባለሥልጣን በየትም አገር ያው ነው።

እርግማኑም ወጥቷል። በምትኩ ልጅቱ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ተመልካቹ ትዞርና «መንገድ ልወጣ ነው፤ ማን ይመርቀኛል?» ትላለች። ይህን ስትል አንድ የአፋር ሽማግሌ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ተነሳ፤ በትሩን ለጎረቤቱ ሰጥቶ መዳፉን ዘረጋ። በራሱ ቋንቋ መረቃት፤ ረጅም ምርቃት። አብዛኞቻችን ቃሉን አልሰማንም። ሁላችንም ግን መዳፋችንን ዘርግተን፣ ባረፈ ቁጥር ቆለኛው ከደገኛው አንድ ላይ «አሚን!» እንል ነበር። በዚያ ገበያ በዋጋ ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሰዎች ናቸው። እንዲያ በአንድ አፍ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከጎኔ የነበረ የበርበሬ ነጋዴ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ።

«የእኔ ናት» አልኩት። «ጎበዝ ናት።»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። መሬቱም አልተሰነጠቀ፣ ልጅቱም አልሰነፈች፤ እንዲያውም የሚቀጥለውን ዘፈን ከፊተኛው አሳምራ ዘፈነችው።

ሲያልቅ ላብ በላብ ሆና፣ አንድ እፍኝ ሣር እንደያዘች በሰው መሃል ተሽሎክሉካ መጣች።

«አባ፣ መጡ! በሉ ድክመቱን ይንገሩኝ።»

ነበረኝ። ሁለት ነገር ይዤ ነበር፤ አንዱ በእርግጥ መታረም ያለበት ነው። ግመሎቹ እየተነሱ ነበር፤ ልጆች እየተከተሉ የጅቡን አነጋገር ይደግማሉ፤ የአፋሩም ሽማግሌ በትሩን ተቀብሎ ከሩቅ በእጁ ሰላም አላት።

«ሐርቡ ስትመጡ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«ሐርቡም ሊመጡ ነው?»

«ወፍጮው ይዘጋል» አልኩ።